ደፉ ይነሳ ወይስ ይቆይ

ለውድ ሙሽራዬ፣

ልጆችህ ትዳር ለመያዝ ደርሰው እኔ አሁንም ሙሽራዬ እልሃለሁ። ምን ላድርግ፣ አፌ አንዴ ለምዷል። ሚዜነቴን የምተወው አፈር ሲጫነኝ ነው።

እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት አደረገህ? መቼም ደህና ነው እንደምትለኝ አውቃለሁ። አንተ እኮ ልብህ ቀጥ ብትል እንኳ ትንሽ ዐረፍ ልበል ብላ ነው የምትል ሰው ነህ። ባለቤትህ ደህና ናት? ቤታቸው አስተኝተው የሚያስታምሙህ አማትህስ ብላ፣ ድገም፣ ምንም አልበላህም እያሉ ማስጨነቁን አልተዉም? እሺ በላቸውና ብላ። እኛ አለን። የባለቤቴ ሰላምታ ይድረስህ። ታናሿ ልጄ፣ ያቺ በትከሻህ ተሸክመህ መጋዘኑን ያዞርካት፣ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ትጠይቃለች። ሁላችንም እንጠይቃለን።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። ስልኩን የምታነሳው ባለቤትህ ናት። አንተ ደግሞ ገና ድምፄን ስትሰማ ቀልድ ትጀምራለህ፣ እኔም እከተልሃለሁ፣ የደወልኩበትን ጉዳይ ሳላነሳ ደህና ዋል ተባብለን እንዘጋዋለን። ስንቴ እንዲህ ሆነ። ስለዚህ የድርጅቱን መኪና ዛፍ ሥር አቁሜ፣ ወረቀቱን መሪው ላይ ዘርግቼ እየጻፍኩልህ ነው። በክርኔ ጥሩንባውን እየነካሁ መንገደኛውን ሳስደነግጥ ፊደሉ ከተንጋደደ ፍረድልኝ። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የጭነት መኪናው ሹፌር፣ ዔሊ ነው። እንደምታውቀው ዔሊ በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም፣ ሳይደርስ ቀርቶም አያውቅም። እናንተ ከተማ አድሮ እሁድ ይመለሳል፣ መልስህን ለእሱ ንገረው።

ወሬው ጆሮህ ሳይደርስ አልቀረም። ድርጅታችን ከወንዝ ማዶው ድርጅት ጋር ተዋሐደ። ውሕደት ነው የሚሉት። ድመትና አይጥም እኮ በአንድ ሆድ ውስጥ ተዋሕደው ያውቃሉ። መጋዘናችን ተዘግቷል። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ሥራው ሁሉ ከማዶ ነው፤ ዕቃ የምንደረድርበት ቦታ የተሰባበሩ ወንበሮች ተከምረውበታል። መስኮቱ ሥር ሻይ የምንጠጣባት አግዳሚ እንኳ ተነቅላለች፣ ለምን እንደነቀሏት የነገረን የለም።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሰብስቦን፣ ከእንግዲህ ቋሚ ሹፌር ለስም ያህል ነው የምንይዘው፣ የቀራችሁት የራሳችሁን መኪና እያመጣችሁ በኮንትራት ትሠራላችሁ አለን። ሠራተኛ አትባሉም፣ አጋር ነው የምትባሉት አለ፣ ፈገግ ብሎ። ነዳጁ የአጋር፣ ጎማው የአጋር፣ ሕመሙ የአጋር። ትርፉ የማን እንደሆነ አልተነገረንም። መላጣው ሹፌር እጁን አውጥቶ፣ አጋር ከሆንን ወንበራችን የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ። ማንም አልሳቀም። እሱም የጠየቀው ሊያስቅ አልነበረም።

እኔ መኪና ከየት አባቴ ላመጣ ነው? ባለቤቴ ዞራ ዞራ አንድ ቫን አይታ መጣች። የኋላ በሩ በገመድ ታስሯል። የቫኑ ባለቤት በዱቤ ውሰዱት፣ ቤታችሁን ግን መያዣ ስጡኝ ብሏታል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይሉ የለ? እኔ ደግሞ እርጉዟን ሳገባ ቤቴን ጥሎሽ ልሰጥላት ነው። ያ ቫን አንድ ቀን መንገድ ላይ ቀጥ ካለ ልጆቼ የሚያድሩበት የላቸውም። ይህን አስቤ እንቅልፍ አጣሁ። ቀን ቀን ደግሞ መሪ ላይ ነኝ፣ እንቅልፍ አላስብም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስሸሸው ቆየሁ መሰለኝ።

የእኛን መጋዘን ወግ ያመጣኸው አንተ ነህ። መላጣው እጁ የተሰበረ ጊዜ ስካነሩን፣ ያችን ዕቃ ስናስረክብ ጢጥ የምትል ማሽን፣ ከኪሱ አውጥተህ፣ እስኪድን ድረስ እጁ እኔ ነኝ ያልከው አንተ ነህ። የሱን ድርሻ በሱ ቁጥር እያደረስክ ደሞዙ ሳይቋረጥ ዳነ። ከዚያ ወዲህ ከመካከላችን የታመመ ሰው ከሥራ ቀርቶ አያውቅም፤ ሰውየው አልጋ ላይ ነው፣ ስካነሩ መንገድ ላይ። የድሮው አለቃችን ማሽን እንጂ ፊት የሚያይ ሰው አልነበረም። የስምሪቷ ሴትዮም እያየች አላየሁም ትለን ነበር።

ረዳቶቹን ቀንሰውብን አንተ ብቻህን ከዚያ ደረጃ ላይ ከነፍሪጁ ስትወድቅ ተራው የእኔ ሆነ። መስመሬ ከመስመርህ ጋር የሚዋሰን እኔ ነኝ፣ ማን ሊሆን ነበር? የሕመም ፈቃድህ ሲያልቅ ስካነርህን ያዝኩ። የእኔን በቀኝ ኪሴ፣ ያንተን በግራ ኪሴ።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ቁጥርህ አንሶ እንዳይጠረጥሩህ ፈራሁና ቀላል ቀላሉን ላንተ አደረግኩት። የረጅሙ ፎቅ ትንንሽ ጥቅል ሁሉ፣ ካልሲው፣ መድኃኒቱ፣ የስልክ ሽፋኑ በግራ ኪሴ ጢጥ ይላል። ፍራሹና ፍሪጁ፣ በትከሻዬ አራት ፎቅ የሚወጣው ቁም ሣጥን በቀኝ ኪሴ። ማሽን ደግሞ አንጀት የለውም። ካልሲንም ቁም ሣጥንንም አንድ ብሎ ነው የሚቆጥረው። የሚቀሩትን ቋሚ ሹፌሮች የመረጡት ባስረከቡት ዕቃ ብዛት ነው። ከእኛ መጋዘን የሚቀረው አንድ ሰው ነው። አንደኛ የወጣኸው አንተ ነህ። ሁለተኛ እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ። የተኛው ሰውዬ ሯጮቹን ቀደመ አሉ። ከዚያ ዐይናቸው አንድ በአንድ ወደ እኔ ዞረና ሳቁ ቆመ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አለ መላጣው። እሱ ነው ያለው፣ እኔ አላልኩም። ስካነሩን ያዝልኝ ብለህ አልለመንከኝም፣ ከትራስህ አጠገብ አንስቼ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

የፊታችን ሰኞ ጠዋት የተመረጡት ሁሉ አዲሱ መጋዘን በአካል ይቀርባሉ። ሐኪም ያያቸዋል፣ ዕቃ አንስተው ደረጃ ይወጣሉ፣ መኪና ይነዳሉ። የስምሪቷ ሴትዮ ጥግ ይዛ ነገረችኝ። እሷም ከሰኞ ጀምሮ ተሰናብታለች፣ ስለዚህ ምላሷን የሚይዘው የለም። ሰኞ ዝም ብሎ የቀረ ሰው ቦታውን ማዶዎቹ ይወስዱታል አለችኝ። ከሰኞ በፊት ጤናዬ አይችልም ብሎ በፈቃዱ የለቀቀ ግን የሕመም መሰናበቻውን ያገኛል፣ ቦታውም ከራሱ መጋዘን ለተከታዩ ይሰጣል። ስለ ስካነሩ ትንፍሽ ካልክ ደግሞ ሁለታችሁንም ባዶ እጃችሁን ነው የሚሸኟችሁ ብላ አስጠነቀቀችኝ።

እንግዲህ ስልክ ላይ ለምን እንደምቀልድ ገባህ። ባለፈው፣ አሁንማ የእግሬ ጣቶች ሊሰሙኝ ነው፣ በቅርቡ ተነስቼ እመጣለሁ ስትለኝ ደስ አለኝ ብዬህ ነበር። ዋሽቼሃለሁ። ለአንድ አፍታ ባይነሳ ብዬ ተመኘሁ። አንተን፣ ወንድሜን። ስልኩን ዘግቼ ጋቢና ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አንተም ከቻልክ። ፈርቻለሁ ሙሽራዬ። ፍርሃት ሰውን ምን እንደሚያሳስበው ባላየው ጥሩ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ባለቤትህ ደውላልኝ ነበር። ለእሱ እንዳትነግረው ብላኝ፣ እኔም እሺ ብዬ፣ ይኸው እየነገርኩህ ነው። የቤታችሁ ቁልፍ እኔ ጋ ስላለ፣ ከመመለሳችን በፊት አናጺ አስገባልኝ፣ የዋናውን በር ደፍ ይንቀልልኝ፣ የመታጠቢያ ቤቱንም በር ሰፋ ያድርግልኝ አለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። እሷም ምክንያቱን አልነገረችኝም። የደወለችው ሐኪሙ ለብቻዋ ጠርቶ ያነጋገራት ዕለት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ከዚህ በላይ ብዕሬ አይሄድልኝም።

ትናንት ሄጄ ደፉን አየሁት። የሰርግህ ቀን ሙሽራይቱን ስናስገባ እኔ ተደናቅፌበት በአፍንጫዬ የተደፋሁበት ደፍ ነው። እንግዳው ሁሉ ሙሽራዋን ትቶ ሚዜውን አንሱት እያለ የሳቀብኝ። አንተ በእጅህ የላግከው እንጨት አልነቀዘ፣ አልተሰነጠቀ። እላዩ ላይ ቁጭ አልኩበት። ጎረቤታችሁ ምን ሆነሃል ብትለኝ ጫማዬን እያሰርኩ ነው አልኳት። ያደረግኩት ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነበር።

ልቀቅልኝ ልልህ አልችልም። አትልቀቅ ልልህም አልችልም፣ ልጆች አሉኝ። ስለዚህ የምጠይቅህ ይህን ብቻ ነው። ባለቤትህ ወጣ ስትል፣ ማንንም ሳትደገፍ ከአልጋህ ወርደህ እስከ በሩ ሂድና ተመለስ። ከቻልክ ይህን ደብዳቤ ቅደደው፣ ለዔሊም ደፉ ይቆይ ብለህ ንገረው። እሁድ አብራችሁ ትመጣላችሁ፣ ሰኞ ጠዋት እኔው ራሴ ይዤህ እሄዳለሁ፣ የደንብ ልብስህን ባለቤቴ ተኩሳ ሰቅላልሃለች። እኔ ያን በገመድ የታሰረ ቫን እወስዳለሁ። ቅር አይለኝም። እሺ፣ ይለኛል፣ ግን ይለፍልኛል።

ካልቻልክ ደግሞ አናጺው ይግባ በለው። ሌላ ቃል አትጨምር። ዔሊ ስለ እንጨት የምናወራ ነው የሚመስለው፣ እኔ ይገባኛል። የስምሪቷ ሴትዮ ያኔውኑ ትደውልልሃለች፣ የቀረውን እሷ ትጨርሰዋለች። ደፉን አናጺው አይነካውም፣ እኔ በእጄ ነው የምነቅለው፣ እንጨቱንም አስቀምጥልሃለሁ። ባለቤትህ ግን እኔ እንደነገርኩህ እንዳታውቅ። ራሷ የምትነግርህ ቀን ገና መስማትህ ይሁን። ይህን ውለታ ለእሷ ዋልላት።

ዝም ብቻ አትበለኝ። ዝም ካልክ ቦታህን ማዶዎቹ ይወስዱታል፣ ያኔ አንተም የለህ፣ እኔም የለሁ።

በደብዳቤ ማብቂያ ጉልበት ይስጥህ ይባላል። ጽፌው ነበር፣ መልሼ ሰረዝኩት፤ ከላይ ጥቁር ሆኖ የምታየው እሱ ነው። ይልቅ ቤትህን አያጉድልብህ። የሚያነሳህ እጅ፣ የሚያስቅህ ሰው አያሳጣህ። ያቺን ደግ ሴት ያኑርልህ። አማትህንም ምግብ አያሳጣቸው። እንዴትም ሆነህ ብትመጣ በሩ ላይ የምትጠብቅህ ይህቺ የተጣመመች አፍንጫዬ ናት።

የማልለይህ
ሚዜህ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ አለኝ፦ ስካነርህ አሁንም በግራ ኪሴ ነው። ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት የረጅሙን ፎቅ ዕቃ ሁሉ በአንተ ቁጥር አስረክቤ ነው የመጣሁት። ከእንግዲህ እንደማይጠቅመኝ እያወቅኩ፣ እጄ ለምዶ።