ትናንት ምን በላሽ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 11 ቀን

ይድረስ ለማልጠግብሽ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ይህን የምጽፍልሽ በምሳ እረፍቴ፣ የታጠበ አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ ነው። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ።

ሰኞ ልጄ ትምህርት ቤት እያለች አስሟ ተነሳባት። ስደርስ አስተማሪዋ ደጅ አስቀምጣታለች። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከንፈሯ አመድ መስሏል። አዝያት ወደ ጤና ጣቢያ በረርኩ። ስድስት ዓመት ሞልቷት እንዴት እንደምትቀል ብታዪ! በአፏ የሚነፋውን መድኃኒት ሲሰጧት መለስ አለች።

ከዚያ ነርሷ ወንበሯን አስጠግታ ታወጣጣኝ ጀመር። የት ነው የምትኖሩት? ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ። እንፋሎቱ ይገባል? ይገባል። በረኪናውስ ይሸታችኋል? እሱን ለምደነዋል።

"ከዚያ ክፍል ብትወጡ ጥሩ ነበር" አለችኝ።

ክፍሏ ከሥራው ጋር የተሰጠችኝ ናት፣ ከእሷ ከወጣሁ ከእንጀራዬም ወጣሁ ማለት ነው አልኳት። "ምግብስ እንዴት ነው? ቤታቸው ምግብ የሚያጥራቸው ልጆች ላይ አስም ሲበረታ እናያለን። ለእነሱ በየሳምንቱ ወተትና ዱቄት እናድላለን፤ ላስመዝግባችሁ?" አለች።

አፌን ልከፍት ስል ወደ ልጅቷ ዞረች። "የኔ ቆንጆ፣ ትናንት ምን በላሽ?"

"እንቁላል" አለች ልጅሽ፣ ፍጥጥ ብላ። "ወተት። ሙዝ። ማታ ደግሞ ሥጋ በሩዝ።"

እታለም፣ የበላችው ዳቦ በሻይ ነው። ማታም እሱኑ።

ነርሷ "ጎሽ!" ብላ ጻፈችና መዝገቡን ዘጋችው። ልጄን በሰው ፊት ውሸታም ላሰኛት? አመስግኜ ወጣሁ። ምን ዓይነት እናት ነኝ?

መንገድ ላይ "ለምን ዋሸሽ?" ስላት መሬት መሬት እያየች፣ "ልጃቸውን የማያበሉ እናቶች ልጃቸውን ይቀማሉ ብላለች ጎረቤታችን" አለችኝ። ትንሽ ሄድ ብላ ደግሞ፣ "ሥጋውን አበዛሁት እንዴ?"

ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቄ እንባ ሆነብኝ።

ትናንት ተመልሼ ለነርሷ እውነቱን ልነግራት አሠሪዬን አንድ ሰዓት ፈቃድ ጠየቅኳት። "ሰኞ ጥለሽኝ ሄደሻል። ዛሬም ከወጣሽ የክፍሉን ቁልፍ አስቀምጠሽ ውጪ" አለችኝ። ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ጨበጥ አድርጌው ቆምኩ፤ ቆምኩና ወደ ካውያዬ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ልጅቷ በእንፋሎቱ መሃል ስታስል በግድግዳው በኩል እየሰማሁ ተኮስኩ።

አምና "ልጅቷን ስጪኝ፣ እኔ ላሳድጋት" ስትዪኝ የተናገርኩሽን ክፉ ቃል ይቅር በዪኝ። እናንተ ዘንድ አየሩ ደረቅ ነው፣ ላምም አላችሁ። እሑድ እልካታለሁ፤ አውቶቡስ ጣቢያው ድረስ መጥተሽ ተቀበያት። ለእረፍት ነው የምትሄጂው ብያታለሁ፤ አንቺም እንደዚያው በያት። ማታ ማታ ጀርባዋን ካሻሸሻት ትተኛለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ጠግቤያለሁ ብትልሽ አትመኛት፣ ጨምሪላት።

ስለ እኔ አታስቢ። ብቻዬን ስሆን ብዙም አይርበኝም።

ጤናሽን ይስጥሽ፣ ቤትሽን ይሙላው፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ።

ታናሽሽ