በረከት ያቀፈበት ዙር

ቅዳሜ፣ ጥር 23፣ ኢስትሊ፣ ናይሮቢ

እፎይ! ዛሬስ ያለ ሐሳብ እተኛለሁ።

በረከትን ማሠልጠን ከጀመርኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "በኪሎው አንደኛ ይወጣል ወይ?" እጁ ፈጣን ነው፣ እግሩም አይደክምም። እኔን የሚያስፈራኝ እልሁ ነው። አንድ ከባድ ቡጢ ካረፈበት መከላከሉን ትቶ ዘሎ ይገባል። እንዲህ ሆኖ አንደኛ የወጣ ቦክሰኛ አላየሁም።

የዛሬው ተጋጣሚው ከሞምባሳ የመጣ ግራኝ ነበር። በሁለተኛው ዙር አገጩ ላይ አገኘውና የበረከት ጉልበት ከዳው። የኛ ሰፈር ሰው ከመቀመጫው ተነሣ። "በለው! በለው!" ከሁሉም በላይ የሚጮኹት አባቱ ጋሽ ታደሰ ናቸው። በዚያች ቃል ተነድቶ ገብቶ ስንት የኛ ልጅ እንደተዘረረ አይቻለሁ። ዓይኔን ልጨፍን ምንም አልቀረኝም።

በረከት ግን ግራኙን ጥምጥም አድርጎ አቀፈው። ዳኛው እስኪያላቅቃቸው ድረስ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ ከዚያ በእርጋታ ተጫውቶ በነጥብ አሸነፈ።

ጋሽ ታደሰ በር ላይ ያዙኝ። "መተቃቀፍ ነው እንዴ የምታስተምረው? ልጄን ፈሪ አደረግከው!"

"ጋሼ፣ ትንሽ ፍርሃትማ ያስፈልገው ነበር" አልኳቸው። ሳይሰናበቱኝ ሄዱ።

ወደ ቤት ስንመለስ ማታቱ ሚኒባስ ውስጥ በረከትን ጠየቅኩት። "በለው ሲሉህ አልሰማህም?"

"ሰማሁ እንጂ። የአባባ ድምፅማ ከሁሉም ይለያል።"

ሰምቶ ነው እንግዲህ ያቀፈው።