ከዝርዝሩ ፊት የጠፉት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 3 ቀን 81፣ ከሰዓት

ዛሬም የፕሮግራም ቅንፍ። አንዷን ሳልዘጋ ረስቼ ግማሽ ቀን በላችኝ። ዮናስ ወረቀቱን ገና ሲቀበለኝ አገኛት። ቦምቦሊኖ አስገዛኝ። ደንባችን ነው፤ ስሕተት ያገኘ ይጋበዛል። በዚህ አያያዜ ኬክ ቤቱን ቀጥ አድርጌ የያዝኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ማስታወሻዬ፣ በዚህ ከተማ ሊስፕ በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ የሚሠራ እኔ የማውቀው ሦስታችንን ብቻ ነው። ጋሽ መርዕድ ውጭ ተምረው ይዘውት መጡ፤ ዮናስና እኔ ከእሳቸው ለመድን። ቅዳሜ ቅዳሜ ኦሎምፒያ ኬክ ቤት እንገናኛለን። ቤት አይሆንም። ሰዎች በር ዘግተው ወረቀት ላይ ካጎነበሱ ቀበሌ ምን እንደሚያስብ የታወቀ ነው። ጋ/መርዕድ መልስ አይሰጡም። ብዕር ያቀብሉና "ሣጥኖቹን ሣዪያ!" ይላሉ። አንዳንዴ ያናድዱኛል። መልሱን እያወቁ!

የመ/ቤት ነገር፦ ጓድ ግርማ፣ የክፍላችን ኃላፊ፣ የሰፈሬን ቀበሌ የወጣቶች መዝገብ ኮምፒዩተር ላይ እንዳስገባ አዞኝ ነበር። ሰፈሩን ታውቂዋለሽ ብሎ። ለብሔራዊ ውትድርና ነው። በቤት ቁጥር ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድሮ ይውጣ፣ ቀበሌው ከዝርዝሩ አናት እየጀመረ ኮታው እስኪሞላ ይጠራል ተባለ። ጓድ ግርማ መሣሪያው የሚሠራውን ለበላዮቹ ማሳየት ፈልጓል። መዝገቡ ውስጥ ኢዮብ አለ። የገዛ ወንድሜን ስም በጣቴ ጻፍኩት። ግን እኔ ብጽፈውም ባልጽፈውም መዝገቡ ላይ አለ። ትናንት አትሜ አስረከብኩ። ከጠበቅኩት አጠር ብሏል። መገላገሌን እንጂ ሌላ አላሰብኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6፣ ማታ

አልተጠራም! ኢዮብ አልተጠራም!

ቀበሌ በድምፅ ማጉያ ስም ሲነበብ እማዬ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ እኔ ጥፍሬን እበላለሁ። አንብበው ጨረሱ። የእኛ ቤት የለም። እማዬ ጎንበስ ብላ መሬቱን ሳመች። ኢዮብ ምንም እንዳልመሰለው ሰው ከኪሱ እጁን አላወጣም፣ ቤት ስንገባ ግን ውኃ ሲጠጣ ብርጭቆው ጥርሱን መታው። አቅፌ ሳምኩት፤ ምን ሆነሻል ብሎ ገፈተረኝ። ደስ ብሎኛል። ደስታዬ አሳፋሪ ነው፣ ግን ደስ ብሎኛል።

መጀመሪያ የተጠራው ሙሉጌታ ነው፣ የወ/ሮ አስካለ ልጅ፣ ከእኛ ከፍ ብሎ ያለው ቤት። አባቱ ከሞቱ ወዲህ ወሎ ሰፈር ጋራዥ እየሠራ ቤቱን የያዘው እሱ ነው። የወ/ሮ አስካለ ጩኸት እኛ ግቢ ድረስ ተሰማ። እማዬ ነጠላዋን ይዛ ሄደች። እኔ አልሄድኩም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8፣ የምሳ ሰዓት፣ ቢሮ

አንድ ነገር አላምር አለኝ።

በቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ ቁጥራቸው ትንንሽ ከሆኑት ቤቶች፣ አንድም ሰው አልተጠራም። የእኛም ቤት እዚያው ነው። የተጠሩት በሙሉ ከላይኛው በኩል ናቸው። ዕድል ነው እላለሁ። ዕድል ደግሞ መቼ ነው የቤት ቁጥር ማንበብ የጀመረው?

ቅጂውን አወጣሁ። ዝርዝሩ በሙሉጌታ ይጀምራል። ከእሱ በፊት መኖር የነበረባቸው ስሞች የሉም። ኢዮብ የለም። ሁሉንም ራሴ ጽፌአቸዋለሁ! ቀድሜ በጥቂት ስሞች ስሞክረው አልጎደለም ነበር፤ አሁን ሳስበው እነዚያን ድሮውንም በቅደም ተከተል ነበር የጻፍኳቸው።

መብላት አልቻልኩም። ፕሮግራሙን አሥሬ አነበብኩት። ስሕተቱ አይታየኝም። ወይም ማየት አልፈለግኩም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10፣ ከሰዓት

ኬክ ቤት። የምን ዝርዝር እንደሆነ ሳልናገር ወረቀቱን ዘረጋሁ። ጋ/መርዕድ እንደ ልማዳቸው ብዕር አቀበሉኝ።

ሣልኩ። ሊስፕ ውስጥ ዝርዝር ማለት ተከታታይ ሣጥን ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ስም ይዞ ወደሚቀጥለው በቀስት ያመለክታል። እኔ የያዝኩት የመጀመሪያውን ሣጥን ነው፣ መጀመሪያ የጻፍኩትን ሰው። ሙሉጌታን። ከዚያ ደርድር አልኩት። የደረደረው ግን ሌላ ቅጂ ሠርቶ አይደለም፣ እነዚያኑ ቀስቶች አዙሮ ነው። ሰልፍ ላይ የአንድ ሰው እጅ ይዘሽ ስትቆሚ ሰልፉ ቢቀያየር ማለት ነው፤ ያው ሰው እጅሽ ላይ አለ፣ ከእሱ ፊት የገቡት ግን ከአንቺ ጋር አይደሉም። አዲሱን መነሻ ተቀብዬ መልሼ መያዝ ነበረብኝ። የጎደለው አንድ ቃል ነው። ጀማሪ የሚሠራው ስሕተት!

ዮናስ ሳቀ። ቦምቦሊኖ የማን ነው አለ። ያኔ የምን ዝርዝር እንደሆነ ነገርኳቸው።

ዮናስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዝም በይ አለኝ፤ የጠየቀሽ የለም፣ ወንድምሽ ቤቱ ነው፣ ይኼ ወሬ ከወጣ አሻጥር ብለው አንቺንም ይወስዱሻል። እውነቱን ነው። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን ለማን ይነገራል።

ጋ/መርዕድን አየኋቸው። ማኪያቷቸው ቀዝቅዟል።

"እኔ የማስተምርሽ ሣጥን መሣል ነው፣ ሰብለ" አሉኝ። "ይኼኛውን አላውቀውም።"

እንዲህ ተናድጄባቸው አላውቅም። ቢያንስ አንድ ቀን መልሱን ቢነግሩኝ ምናለ?

እሑድ፣ ኅዳር 11

ወ/ሮ አስካለ በበራችን አለፉ። ልጆቹ ቀበሌው አዳራሽ ናቸው፤ ረቡዕ ወደ ማሠልጠኛ ይሄዳሉ አሉ። ምግብ ይዘውለት እየሄዱ ነው። ኢዮብ ሮጦ ወጥቶ ከእጃቸው ተቀበለና እስከ አዳራሹ አደረሰላቸው። ሴትየዋ መረቁት። ለእናትህ ያቆይህ አሉት።

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እማዬ አሞሽ ነው ወይ ትላለች። አዎ አልኳት።

ሙሉጌታ ገና እዚሁ ነው። እስከ ረቡዕ ብናገር ሊመለስ ይችላል። ከተናገርኩ ደግሞ ኢዮብ። ሁለቱን በየተራ አስቤ አስቤ ደከመኝ። ነገ እናገራለሁ። አልናገርም። ነገ እናገራለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 12፣ ከሥራ በኋላ

ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ከተማው በሙሉ ቆሻሻ ሲያጤስ ዋለ። መንገዱ አይታይም፣ ዓይኔ ይቆጠቁጣል፤ አልቅሼ እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም። እሱስ ጥሩ ነው።

ተናገርኩ። ጓድ ግርማ ቢሮ ገብቼ፣ ቆሜ። የማሽኑ ጥፋት ነው ወይስ ያንቺ አለኝ። የእኔ አልኩ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ። አለቀልኝ ብዬ ነበር። ለካ እሱም ፈርቶ ኖሯል፤ ያንን ወረቀት ለበላዮቹ ያሳየው ራሱ ነው። ለማንም አትናገሪ አለኝ። ግልጽነትሽ ያስመሰግናል አለኝ። ሊጨብጠኝ እጁን ዘረጋ፣ ጨበጥኩት።

አዳራሽ ያሉትስ አልኩ። ሊመልስልኝ ስልክ ማንሣት እንኳ አላስፈለገውም። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ተጭነው ሄደዋል። ረቡዕ የተባለው ተቀይሯል። የሄደ አይመለስም አለ።

ከዚያ ሁለተኛ ዙር ጥሪ ስላለ የተስተካከለው ዝርዝር ለረቡዕ ጠዋት ይድረስ አለኝ።

ወይ እኔ! ሙሉጌታን አላስመለስኩ። ኢዮብን አሳልፌ ሰጠሁ። ሁለቱንም በአንድ ቀን!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13፣ 12 ሰዓት ተኩል፣ ቤት

ፕሮግራሙን አስተካከልኩ። አንድ ቃል። አተምኩ። ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ሲወጣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ወንድሜ አለ፣ ስሙ ከነአባቱ፣ የቤት ቁጥራችን ጎኑ። ቦርሳዬ ውስጥ አጥፌ አስገባሁት።

ቀኑን ሙሉ መውጫ ስፈልግ ነበር። ኮምፒዩተሩ ተበላሸ ብል በእጅ የተጻፈው መዝገብ ቀበሌ አለ፤ እዚያም የእኛ ቤት ከፊት ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገባኋትን ቃል መልሼ ባጠፋት ደግሞ ነገ አንዷ እናት እንደ ወ/ሮ አስካለ ትጮኻለች፣ ኢዮብም ምሳ ይሸከምላታል፣ እሷም ትመርቀዋለች። ያንን ምርቃት ሁለተኛ ቆሜ አልሰማም።

ነገ ጠዋት አስረክባለሁ። ቆርጫለሁ።

ግን ኢዮብ ስሙን ከድምፅ ማጉያ አይሰማም። ከእኔ ይሰማል፣ ዛሬ፣ ገና ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ እያለ። ስሕተቱን፣ ሙሉጌታን፣ ሰኞ የተናገርኩትን፣ ሁሉንም። ከዚያ ቢቀመጥም ቢጠፋም የራሱ ነገር ነው፤ ወዴት ሄደ ብለው ቢጠይቁኝ አላውቅም እላለሁ፣ ቢያስሩኝም ይሰሩኝ። ቢጠላኝም ይጥላኝ። እማዬን አላውቅም። እማዬን እንዴት እንደምነግራት አላውቅም።

ማስታወሻዬ፣ የግቢው በር ተከፈተ። ኢዮብ ነው። እራት ደረሰ ወይ እያለ ነው። ልሂድና