ብዙም አያስፈልግዎትም ስለተባለችው ጡንቻዬ

ለተከበሩ የጡት መልሶ ማበጀት ቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ

ክቡር ዶክተር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጀርባዎ፣ ትከሻዎና ክንድዎ ሁሉም በየተፈጠሩበት ቦታ እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ካንሰሩ ከወጣልኝ ወዲህ ደህና ነኝ፤ ለዚህም ያለ አንዳች ቀልድ ከልቤ አመሰግናለሁ። ቀልዱ የሚጀምረው ከዚህ በታች ነው።

እንደሚያውቁት መጋረጃ ሰፊ ነኝ። አዲስ ጡት ሊያበጁልኝ ከጀርባዬ ጡንቻ ወስደው ወደ ፊት እንደሚያዞሩ ሲነግሩኝ፣ ሥራዬ እንዴት ይሆናል ብዬ ጠይቄ ነበር። እርስዎም ዓይንዎን ከስልክዎ ሳያነሡ «ብዙም አያስፈልግዎትም፣ ትርፍ ናት» ብለው አረጋጉኝ። ይህን ያህል ዘመን ትርፍ ዕቃ ተሸክሜ መኖሬን ያን ዕለት አወቅሁ። እንግዲህ ትርፏ ከተነሣች በኋላ የሆነውን በታላቅ አክብሮት ላቅርብ።

አንደኛ፣ የሱቄ በር ወደ ታች ተስቦ የሚዘጋ ብረት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ስስበው በሩ ንቅንቅ ሳይል አዲሱ ጡቴ እመር ብሎ ተነሣ። ጡንቻዋ ምስኪን፣ አሁንም ጀርባ ላይ ያለች መስሏት ትእዛዝ ትቀበላለች። ጎረቤቴ ጫማ ጠጋኙ እንዳላየ ሆኖ ፊቱን ሲያዞር፣ እኔ ሳቄ አሸንፎኝ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። መነሣቱ ግን ሌላ ጣጣ ሆነ፤ ለካ ሰው እጁን ተመርኩዞ ሲነሣም የሚያግዘው ይኸው ትርፍ ነው።

ሁለተኛ፣ መሰላል ላይ ቆሜ ከባድ መጋረጃ ስሰቅል ክንዴ ከዳኝና መጋረጃው ከነዘንጉ ደንበኛዬ ላይ ወረደ። ደግነቱ ሴትዮዋ ደርባባ ናት፤ ከጨርቁ ሥር ሆና «ጥሩ ጨርቅ ነው፣ ብርሃን አያሳልፍም» አለችኝ። እኔ ግን ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፣ መጋረጃ የመስቀል ሥራም መቀበል አቆምኩ። ባለቤቴ «አንቺ ብቻ ኑሪልኝ እንጂ መጋረጃ ምን ገዶኝ» ይለኛል። እሱን ባይገደው እኔን ይገደኛል፤ እንጀራዬ ነው።

ሦስተኛ፣ ጀርባዬ ላይ ውሃ ተጠራቅሞ ስራመድ እንደ ጎዶሎ ጀሪካን ሲንቦጫቦጭ «ራሱ ይመጠጣል» ብለውኝ ነበር። እውነትዎን ነው፣ ተመጠጠ፤ ነርሷ በመርፌ ደጋግማ እየመጠጠችው።

አራተኛ፣ ክንዴ ደከመ ብዬ ስመጣ «ጠባሳው እንዴት ያምራል!» አሉኝ። ያምራል፣ አልክድም። ችግሩ መጋረጃ የምሰቅለው በጠባሳ አለመሆኑ ነው።

በመጨረሻ ያዳነኝ ሊፍቱ ነው። ከእርስዎ ዘንድ ስመለስ ተበላሽቶ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ተከፈተና የፊዚዮቴራፒ ክፍል በር ላይ ጣለኝ። የእርስዎ ወለል የእነሱ ጣሪያ መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር። እዚያ ያለችው ባለሙያ የላስቲክ ገመድ አስይዛ «የቀሩት ጡንቻዎች የተወሰደችውን ሥራ ይማራሉ፤ ካላስተማርሻቸው ግን ከየት ያውቁታል? ሳቢ!» አለችኝ። ሳብኩ፣ ተሳደብኩ፣ ደግሜ ሳብኩ። ዛሬ ክንዴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ቢሆንም ቀለል ያለውን መጋረጃ እኔው እሰቅላለሁ፣ ከባዱን ባለቤቴ እያጉረመረመ ይይዝልኛል።

ዛሬም ቢጠይቁኝ ምናልባት ለቀዶ ሕክምናው እሺ እል ነበር። ግን አውቄ፣ ተዘጋጅቼ። ስለዚህ ከእኔ በኋላ ለሚመጡት ምን እንደሚያጡ አስቀድመው ቢነግሯቸውና ከሊፍቱ ቀድመው ወደ ታች ቢልኳቸው ውለታዎ በምድርም በሰማይም አይጠፋም።

ከፊትም ከኋላም የማመሰግንዎ አክባሪዎ፣
መጋረጃ ሰፊዋ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ በመጠበቂያ ክፍልዎ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ጀርባዬን እንዳሳያቸው ስለለመኑኝ፣ ለክትትል በመጣሁ ቁጥር ከመታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ቆሜ አሳያለሁ፣ የሚጠይቁኝንም እመልሳለሁ። ስማቸው ሲጠራ የሚዘገዩብዎ ንቀው አይደለም፤ የእኔ ወረፋ ረዝሞባቸው ነው።