ዋርካው ሥር ያለው ድንጋይ

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፭ ዓ.ም.፣ ሶዶ

ዛሬ አለቃዬ ቦዲቲ አጠገብ ያለችውን ትንሽ መንደር ታሪክ ጽፌ እንድመጣ ላኩኝ። ስደርስ የበቅሎው መንገድ አድክሞኝ ስለነበር ዋርካው ሥር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰዉ ሥራውን እየተወ ከበበኝ። አንጁሎ የሚባሉ የመንደሪቱ ሽማግሌ ፊት ለፊቴ ተቀመጡና፣ «ጥፋትህ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ። ለካ እዚያ ድንጋይ ላይ የሚቀመጠው ጥፋቱን ሊናገር የመጣ ሰው ብቻ ነው፤ ሳይናገርም አይነሣም።

«አባቴ፣ ሳላውቅ ነው የተቀመጥኩት» አልኳቸው።

«የሚቀመጥ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ።

ቢጨንቀኝ እውነቱን አወጣሁት። መንደሪቱን ሳላያት፣ ታሪኳን ጽሕፈት ቤት ተቀምጬ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ የመጣሁት ለይስሙላ ነው። አንብብልን አሉኝ፤ ከኮረጆዬ አውጥቼ አነበብኩ። ዋርካው የለበትም። በሌለ ወንዝ ላይ ግን ድልድይ ሠርቼበታለሁ። አንጁሎ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ቅጣትህ እንደ ገና መጻፍ ነው። ከድንጋዩ ጀምር» አሉኝ።

ጀምሬያለሁ፤ እንዲያውም እጄ አልቆም ብሏል። የቸገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አለቃዬ «አንተስ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠህ ምን ጥፋት ተናገርክ?» ብለው የጠየቁኝ እንደሆነ...