ከትናንት ጀምሮ

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ አሁንም ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል ወይስ ታርቃችኋል? የላክሁልሽን ቅባት ለጎረቤት አድለሽ እንደጨረስሽው አልጠራጠርም። እኛ ደህና ነን። ባለፈው ወር ግን እንዲህ ብዬ ለመጻፍ አያስደፍርም ነበር፤ ልጄ ታማብኝ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። አትደንግጪ፣ ከወጣች ሁለት ሳምንቷ ነው፤ አሁን እርሳሴን ቀምታኝ ግድግዳውን እየሞነጫጨረች ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። የሕፃናት ክፍሉ ዶክተር ዓመቱን ሙሉ የተኙትን ልጆች መዝገብ ጨምቄ ሪፖርት እንዳቀርብ አዝዞኝ ነበር። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች። ዝናብ ሲገባ ሳንባ ምች፣ ሙቀቱ በርትቶ ቧንቧው ሲደርቅ ተቅማጥ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱት ደግሞ ወቅትም የላቸው። ይኼ የታወቀ ነው። እኔን ያስደሰተኝ «ከታመመ ስንት ቀኑ» የሚለው ዓምድ ነበር። በዓመቱ መጀመሪያ አራት፣ አምስት፣ ሰባት ይላል፤ ከአጋማሹ ወዲህ ግን ሁሉም አንድ፣ አንድ፣ አንድ። እናቶቹ ልጆቻቸውን ቶሎ ማምጣት ለመዱ ማለት ነው። ያስለመድኳቸውም እኔ ነኝ፤ ቁጣዬን ታውቂው የለ፣ የዘገየችውን ሁሉ በር ላይ ልክ ልኳን ስነግር ነው የከረምኩት። ዶክተሩ ረቂቁን አይቶ «ሲስተር፣ ሕዝቡን አነቃሽው» ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። የሚሞቱት ልጆች ቁጥር ለምን እንዳልቀነሰ ሁለታችንም አልጠየቅንም።

በዚያው ሰሞን ልጄ ማሳል ጀመረች። ጉንፋን ነው አልኩ። ባለሙያዋ እኔ፣ ሪፖርቱም አላለቀ። በአራተኛው ቀን ትኩሳቷ አልበርድ ሲለኝ ይዣት ሄድኩ። የዕረፍት ቀኔ ስለነበር ጋዋን አልለበስኩም፣ ነጠላ ተከናንቤ ነበር፤ ወረፋ ዘልላ ገባች እንዳልባልም እንደማንም እናት አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለች አንዲት እናት፣ ልጄን አየት አድርጋ ከታመመች ስንት ቀኗ ነው አለችኝ። አራት አልኳት። ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «ውይ እህቴ፣ እንዳትናገሪ! ከትናንት ጀምሮ ነው በይ። እዚህ መብረቅ የምንላት ነርስ አለች፣ ቁም ስቅልሽን ነው የምታሳይሽ። ሁላችንም እንደዛ ብለን ነው የምንገባው» አለችኝ።

እማዬ፣ መብረቋ እኔ ነኝ። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። ያ የተደሰትኩበት ዓምድ በሙሉ ዓይኔ ላይ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ደግሞ ስሚ። ተራዬ ደርሶ ስገባ ተረኛዋ ነርስ እኔው ያሠለጠንኳት ልጅ ናት። ሲስተር፣ ስንት ቀኗ ነው ስትለኝ፣ «ከትናንት ጀምሮ» አልኳት። አፈርኩ። የሰው እናት ስቆጣ ከርሜ «አራት ቀን» ማለት ሞት ሆነብኝ። ዶክተሩም ገና ጅምር ነው ብሎ ሽሮፕ ሰጥቶ ሸኘን። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንዲሉ፣ በማግስቱ ስትተነፍስ ጎኗ እየሰረጎደ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ተሸክሜያት እየሮጥኩ ተመለስኩ። ያኔ አምስተኛ ቀኗ ነው ብዬ ኮሪደሩ እስኪሰማ ጮኼ ተናገርኩ። ኦክስጅን ተደረገላት፣ መርፌ ተጀመረላት፣ ስድስት ቀን ተኛን። ሥራ ስገባ ሪፖርቱን ከዶክተሩ እጅ መልሼ ወሰድኩና ዓምዱ ውሸት መሆኑን፣ ውሸቱንም ያስተማርኳቸው እኔ መሆኔን ጻፍኩበት። አሁን በር ላይ የመጣችውን ሁሉ እንኳን መጣሽ ነው የምላት። መዝገቡም እንደገና አራት፣ አምስት ማለት ጀምሯል።

ከዚህ በታች ያለውን ብቻሽን አንብቢው፤ ስለ ወንድሜ ነው። አንድ ቀን ታሞ በማግስቱ ሄደ ስትዪ ነው ያደግሁት፤ ለአባዬም፣ ለለቀስተኛውም፣ ለእኔም። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ እንደዚያው ነው የምለው። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ግንባሩ ላይ የምታደርጊለትን ጨርቅ፣ ከትምህርት ቤት በተመለስኩ ቁጥር፣ የማረጥብልሽ እኔ ነበርኩ።

ምንም አልጠይቅሽም። እዚህ ስንት እናት አየሁ፤ ልጇን ስላልወደደች የዘገየች ግን አንዲትም አላገኘሁም። ፈቃድ ሳገኝ መጥቼ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ልብሽን ያሳርፍልኝ።

ከእንግዲህ የማትቆጣው ልጅሽ