ለሁሉም የተሰጠ ፈቃድ

ጥቅምት 4
ደህና ዋልኩ። የአሳንሰር ሶፍትዌር ገጣጥሞ፣ ፈትኖ ወደየሕንፃው የሚልከው ማሽን ላይ ማን ምን መንካት እንደሚችል የምወስነው እኔ ነኝ። ሥራውን ብቻዬን አንብቤ ነው የተማርኩት። ጠዋት አለቃ መጣ።
"እትዬ፣ የማስረከቢያው ቀን ደርሶብናል። ለቡድኑ ልጆች ሁሉ ሙሉ ፈቃድ ይስጡልኝ። ለእኔም።"
"ለሁሉም?"
"ምነው፣ ከኪስዎ ነው እንዴ የሚሰጡት?"
ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁና ሰጠሁ።
ባለቤቴ ከዓመታት በፊት አንድ ቀን "ሐኪም ቤት አብረሽኝ ሂጂ" ሲለኝ ሥራ አለብኝ ብዬ እምቢ አልኩት። ብቻውን ሄደ... አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ እምቢ ማለት አይሆንልኝም።

ጥቅምት 9
አዲሱ ሶፍትዌር የፍሬን ፍተሻው ተዘልሎ ወደ ሁለት ሕንፃዎች ሄዷል። የድሮውን መለስኩ። ማን ላከው? የሚታየው ስም "ቡድን" ይላል። ሁሉም በዚያ ስም ነው የሚገቡት።
ጠየቅኩ። አንዱ "እኔ እንጃ" አለ። ቀልደኛው "ሰይጣን ይሆናል፤ የይለፍ ቃሉን እሱም ያውቀዋል" አለ። ማንም አልሳቀም።
አንዱ ሕንፃ ልጄ የምትኖርበት ነው። ዘጠነኛ ፎቅ። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች...

ጥቅምት 10
የሁሉንም ፈቃድ ነጠቅኩ። የቀረው የእኔ ብቻ ነው።

ጥቅምት 12
እንደገና! ፍተሻው ተዘልሏል፤ ሶፍትዌሩ ወደ እነዚያው ሁለት ሕንፃዎች ሄዷል። አሁን የላኪው ስም የእኔ ነው። እኔ ግን ምንም አልነካሁም!
መመሪያውን ገለጥኩ። ለካ ሙሉ ፈቃድ የነበረው ሰው በሌላ ሰው ስም የመግቢያ ቁልፍ ማውጣት ይችላል። ፈቃዱ ቢነጠቅም ቁልፉ ይሠራል። ሌላስ ምን ደብቆ ይሆን?
ማሽኑን አጠፋሁት። ለማንም አልተናገርኩም። አለቃ ወዲያው መጣ።
"እትዬ፣ ያብሩት። ፍተሻው ግማሽ ቀን ይበላል፣ ደንበኛ እየሸሸን ነው።"
ማብሪያውን በእጄ ከለልኩ።
"ደግሞስ የወጣው በስምዎ ነው። ዝም ቢሉ ይሻልዎታል።"
በስሜ መውጣቱን ማን ነገረው?
"እምቢ" አልኩት።
ወደ ሁለቱም ሕንፃ ደወልኩ። አሳንሰሩን አቁሙ፣ ሰው አታስገቡ...

ጥቅምት 15
ከሥራ ተባረርኩ። ልጄ ጋ ሄድኩ። ነዋሪው ደረጃው ላይ ያጉረመርማል። እሷም በየፎቁ እያረፈች፣ እኔን ተደግፋ ወጣች።
"እማ፣ ማን ነው ይሄን አሳንሰር ያስቆመው? እጁ ይቆረጥ!"
"እኔ ነኝ" አልኳት።
ቆማ አየችኝ።
ነገ ፖሊስ ጣቢያ እቀርባለሁ። አለቃ "ፍተሻውን ዘልላ የላከችው እሷ ናት" ብሎ ከሶኛል። ማሽኑ ላይ ያለው ስም የእኔ ብቻ ነው።